ሳይለኩ አይፍቱብን

እናቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ወስጄ ወደ ማርቆስ እየተመለስን ነበር። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን የደጀንን ዳገት ይዘናል። ቀትር ነው፤ በረሃው ይፋጃል። ኩርባው ላይ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ አንዴ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ሞተሩ ጠፋ።

ያልደረሰበት ሰው "ታዲያ አስነስተህ አትሄድም?" ይላል። ሞተር ሲጠፋ እኮ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም አንዴ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ከኋላዬ የተጫነ አይሱዙ አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆሜ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ ነው ያቆምኳት። እናቴ "ድንግል ማርያም!" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገልን። "እማማ፣ ይውረዱና ጥላ ይያዙ፤ አይዞዎት" አላት። እግዜር ይስጠው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተን ቁልፍ ሳዞር ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከዳገቱም ባሰብኝ።

ማርቆስ ገብቼ ጋራዥ ወሰድኳት። ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ ናት። የመጀመሪያው መካኒክ "ካንዴላ ነው" ብሎ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን አራቱንም ቀየረ። በሳምንቱ ጠፋች። ሁለተኛው ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠውን ይዞ "ኮይል ነው" አለ። ተቀየረ፤ አማኑኤል ከተማ ሳልደርስ ቆመች። ሦስተኛው "የነዳጅ ፓምፑ ነው" አለ። እውነት ለመናገር እሱ ተቃርቦ ነበር። የኋላ ወንበሩን አንስቶ ፓምፑን አወጣና "ኦርጂናል" ያለውን አስገባ። ታንከሩን አላጠበም፤ ፓምፑ ሥር ሆኖ ቤንዚኑን የሚያጣራውን አሮጌውን ወንፊት መልሶ ገጠመው። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ጠፋች። ለሦስቱም ከፍያለሁ። "ያወጣሁት ዕቃ ደህና ነበር" ያለኝ አንድም የለም።

አራተኛው ገና ወጣት ልጅ ነው። አንዲት ብሎን ሳይፈታ መጀመሪያ የግፊት መለኪያ ጌጅ የነዳጅ መስመሩ ላይ አሰረ። በእኔ መኪና 3 ባር አካባቢ መሆን ያለበት 1.5 ላይ ቆሞ አሳየኝ። ቀጥሎ ኮረንቲውን ለካ። ከባትሪው 12 ቮልት ይወጣል፤ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 9 ነው። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጧል። ፓምፑ ሲወጣ ወንፊቱ በጥቁር ጭቃ ተደፍኖ አገኘነው። ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ሶኬቱ ይግላል። ፓምፑ ሲሞቅ ይደክማል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ የምትመስለው ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም!

ጭቃው ከየት መጣ? ከጀሪካን ነዋ። ማደያ ተሰልፈን ውለን "ቤንዚን አልቋል" ስንባል ምን እናድርግ? ከመንገድ ዳር እንገዛለን። ያ ጀሪካን ትናንት ላምባ ይያዝበት ውሃ ይቀዳበት ማን ያውቃል። ያለችንን ደግሞ ለማብቃቃት የነዳጅ መብራቱ በርቶ እንነዳለን። ታንከር ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው ግን በዚያው በቤንዚኑ ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ ፓምፑ ግሎ ይቃጠላል። ይህንን ስንት ዓመት ስነዳ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2020 ቶዮታ፣ ዴንሶ የተባለው ዕቃ አምራች በሠራው የነዳጅ ፓምፕ ምክንያት በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሸጣቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረው ፕላስቲክ ታብጥና ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ነው። የእኔዋ ከነዚያ አይደለችም። ብትሆንስ? በሦስት ባለቤት እጅ ዞራ ማርቆስ ለደረሰች መኪና ማን ደብዳቤ ይጽፍላታል? እኛን የሚጠራን የለም። ያለን ሰፈራችን ያለው መካኒክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ሙያችሁን አከብራለሁ፤ በፀሐይና በዘይት ውስጥ እንደምትውሉም አውቃለሁ። ግን በግምት አትፍቱብን። ጌጅ ግዙ፤ ከሌላችሁ ካለው ተዋሱ። "ሳልለካ አልነካም" የሚለኝ መካኒክ ባገኝ ሌላ ከተማ ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ። ሌላውን ሰው ደግሞ የምለምነው፣ ፓምፕ ካስቀየራችሁ አሮጌው ወንፊት እንዳይመለስ ቆማችሁ እዩ፤ ታንከሩም ይታጠብ።

መኪናዋ አሁን ደህና ናት። እናቴ ግን እስካሁን ዳገት ባየች ቁጥር የበሩን እጀታ ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች።