ሐይቅ ላይ ኡኡ ብንል ማን ይሰማናል?

ባለፈው ዓመት በዒድ ማግስት ከጎረቤቶቻችን ጋር ተጠራርተን ከጅማ ወጣ አልን። በአካባቢያችን ካሉት የግድብ ሐይቆች በአንዱ ዳር ደርሰን ጀልባ ተኮናተርን። አሥራ አንድ ነበርን። አራቱ ልጆች ናቸው። የሕይወት አድን ጃኬት የደረሰው ለልጆቹና ለአንዲት እናት ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሞተሩ ሁለቴ አጓርቶ ዝም አለ።

ጀልባ ነጂው ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። መዳፉ እስኪላጥ ድረስ የሞተሩን ገመድ ጎተተ። አልሆነም። ስልኩን ከፌስታል ውስጥ አውጥቶ ወደ ላይ ዘረጋው። «ኔትወርክ የለም፣ ጋሼ» አለኝ። የሁላችንም ስልክ ያው ነበር። የከሰዓቱ ነፋስ ጀልባዋን ቀስ በቀስ ከዳር ያርቃታል። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው ማውለብለብ ጀመሩ። ዳር ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች አዩን። ሰላም ያልናቸው መስሏቸው እነሱም እጃቸውን አወዛወዙልን።

ያወጣን መረቡን ሊያይ ብቅ ያለ ዓሣ አጥማጅ ነው። የደረሰልን ጠርተነው አይደለም፤ መንገዱ ሆነን ነው። እየጎተተ ዳር ሲያደርሰን ሊመሽ ምንም አልቀረውም። የጀልባው ባለቤት ቡና እየጠጣ ነበር። «ቆያችሁ፤ ደስ ብሏችሁ ነው ብዬ ነበር» አለን። ውሸቱን አይደለም። በምን ይወቅ?

እኛ አገር ገጠር ውስጥ ሌሊት ቤት ቢቃጠል ኡኡ ይባላል። የሰማው ጎረቤት ዝም ብሎ አይተኛም። ራሱም ጮሆ ለማዶው ያሳልፋል። በኦሮምኛ ጩኸቱ «ኢያ» ነው። ኢያው ከጉብታ ጉብታ እየተቀባበለ ሰው ይሰበስባል። ዛሬ መርከቦች የሚጠቀሙበትን የአደጋ ጊዜ ሬድዮ ለማወቅ ማንበብ ስጀምር የገረመኝ ይህ ነው። አሠራሩ ቁርጥ ኢያ ነው።

ታሪኩም የሚጀምረው ካልሰማ ጆሮ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰምጥ ሬድዮ ነበራት፣ ጥሪም አሰምታለች። ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ከእሷ ብዙም ሳትርቅ በበረዶ ምክንያት ቆማለች። ያላት የሬድዮ ሠራተኛ ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሥራውን ጨርሶ ተኝቷል። ጥሪውን ሰምታ የደረሰችው ከሩቅ የነበረችው ካርፓቲያ ናት፤ ከ700 በላይ ሰው አወጣች። ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚያን የተኛ ጆሮ ክፍተት ለመድፈን የተደረገ ጥረት ነው ማለት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ የአደጋ ጥሪ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 1999 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ቀርቶ ሬድዮው ራሱ ያዳምጥ ተባለ። ቪ.ኤች.ኤፍ በምትባለው ትንሿ የአጭር ርቀት ሬድዮ ላይ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ አለ። ክዳኑን ገልጠህ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነህ ትይዛለህ። በቃ። ሬድዮው የጀልባህን መለያ ቁጥር፣ ጂ.ፒ.ኤስ ካለው ደግሞ ያለህበትን ቦታ በ70ኛው ቻናል ይልካል። በአቅራቢያው ያለ ተመሳሳይ ሬድዮ ሁሉ ይጮሃል። ከዚያ ወደ 16ኛው ቻናል ተሻግረህ «ሜይዴይ» የሚለውን የአደጋ ጥሪ ቃል ሦስቴ ብለህ ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ስንት ሰው እንደያዝክ ትናገራለህ። የሰማ ጀልባ ለሌላው ያሳልፋል።

ግዴታው ያለው በትልልቆቹ ላይ ነው፤ ማለትም በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ባሉ የመንገደኛ መርከቦችና 300 ቶንና ከዚያ በላይ በሆኑ የጭነት መርከቦች ላይ። ለመዝናናት የሚወጣውን ጀልባ ሕጉ አያስገድደውም። በብዙ አገር ግን ባለ ትንሽ ጀልባው ራሱ ገዝቶ ይገጥመዋል። ምክንያቱም እዚያ ቁልፉ ሲነካ የሚነሳ ሰው አለ።

እኛ ጋ የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። ነገ ሃምሳ ሬድዮ መጥቶ ሃምሳ ጀልባ ላይ ቢገጠም፣ ዳር ላይ የሚሰማ ከሌለ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከጆሮው እንጀምር። ጀልባ በሚነሳበት በእያንዳንዱ ዳር አንድ ሬድዮ፣ አንድ ተረኛ፣ ነዳጅ የሞላ አንድ ጀልባ ይኑር። ተረኛው ማን እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደያዘ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ደብተር ላይ ይጻፍ። ይህ ደብተር ብቻ ቢኖር ኖሮ እኛን የሚፈልግ ሰው ቶሎ ይወጣ ነበር።

ቀጥሎ የእጅ ሬድዮ ለጀልባ ነጂዎቹ። ውሃ የማያስገባና ቢወድቅ የሚንሳፈፍ አለ፤ ቀይ ቁልፍና ጂ.ፒ.ኤስ ያለውም አለ። ጥሪውም በለመዱት ቋንቋ ይሁን። ሜይዴይ ካሉ በኋላ «ከትልቁ ዋርካ ፊት ለፊት ነን» ብለው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢናገሩ ማን ይከለክላል?

አንድ ችግር አለ። የዚህ ሬድዮ ሞገድ ጋራ አያልፍም። የጊቤ 3 ሐይቅ በኦሞ ሸለቆ ውስጥ እየተጠማዘዘ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይተኛል። እዚያ ከፍታ ላይ አቀባይ ጣቢያ ያስፈልጋል። ራቅ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ በ406 ሜጋኸርዝ በቀጥታ ለሳተላይት የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ አለ። የስልክ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ አይመለከተውም።

ሰነፍ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፣ ፈቃዱንም አስቤዋለሁ። ሬድዮ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሊጠይቅም ይገባል። ነገር ግን ሥርዓቱ ለእኛም ቦታ አስቀምጦልናል። እያንዳንዱ ሬድዮ ዘጠኝ አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ የኢትዮጵያ መለያ በ624 ይጀምራል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና የማሪታይም ባለሥልጣን ተነጋግረው ለሐይቅ ጀልባ ቀላል የፈቃድ መንገድ ቢያወጡ፣ የጀልባ ማኅበራቱ ተበድረውም ቢሆን ሬድዮውን ይገዙታል። ሙያውም አገር ውስጥ አለ። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ለውቅያኖስ መርከብ የሚሠለጥኑ ልጆች አሉን። ጀልባ ነጂዎቻችንን ሁለት ቀን ቢያስተምሩልን ምን ነበረበት?

«ለዚህ ሁሉ ወጪ ስልክ አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። ስልክ ጥሩ ነው፤ ይዛችሁ ውጡ። ግን ስልክ የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ካላነሳ አበቃ። ሬድዮ የሚጠራው በአካባቢው ያለውን ሁሉ ነው። ያ ዓሣ አጥማጅ የማናችንም ስልክ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ጊዜ ሐይቅ ዳር ሄጃለሁ። ጀልባ ላይ ሳልወጣ ነጂውን እጠይቃለሁ፦ «መሃል ላይ ብንቆም ማን ይሰማናል?» ሁለቱም ጊዜ መልሱ አንድ ነበር። «ስልክ አለኝ፣ ጋሼ።» ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹን ዳር ላይ አጫውቼ ተመለስኩ።