ሕንድ ሄዶ የነርቭ ማሽን ማስተከል ያዋጣል?

ስኳር የእግሩን ነርቭ ጎድቶት ሌሊት ሲቃጠል የሚያድር ወሎዬ አለ። ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ እያዋጣለት ነው። ሕንድ ሄዶ የሕብለ ሰረሰር ማነቃቂያ ያስተክል? የደሴዋ ነርስ «አዎ» ትላለች፣ የወልዲያው መምህር «የለም» ይላል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ ጋቢ ሲነካው የሚጮህ ሰው «ቻለው» አይባልም። ማሽኑ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሽቦዎቹ አከርካሪ ውስጥ ከሕብለ ሰረሰሩ አጠገብ ይገባሉ፤ ባትሪው መቀመጫ አካባቢ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ደካማ ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመሙ አንጎል ሳይደርስ ያዳክመዋል። ሰው ላይ ከተተከለ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው በ1967 ነበር። እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን መሞከሩን ነው። መጀመሪያ ሽቦው ብቻ ለጥቂት ቀናት ይገባል፣ ባትሪው ውጭ ይሆናል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ሽቦው ይወጣል፣ በቃ። የትኛው ቀዶ ጥገና ነው እንዲህ አስቀምሶ የሚሸጠው?

መምህሩ፦ እህት ዓለም፣ ቅምሻውም ያታልላል። አገር አዋጥቶለት ሕንድ የደረሰ ሰው «አልተሻለኝም» ለማለት ይከብደዋል። ኖርዌይ ውስጥ የጀርባ ቀዶ ጥገና አድርገው ሕመሙ ያልለቀቃቸው 50 ሰዎች ማሽኑ ተተከለላቸው። ከዚያ አንዴ እየበራ፣ አንዴ እየጠፋ ታየ፤ መቼ እንደበራ ታካሚዎቹ አያውቁም። ውጤቱ በ2022 ሲታተም በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም።

ነርሷ፦ ያ የጀርባ ነገር ነው፣ ወንድሜ። የኛ ጉዳይ የስኳር እግር ነው። በ2021 በወጣ የ216 ሰዎች ጥናት፣ ማሽኑ ከተተከለላቸው ከ10ሩ 8ቱ ገደማ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ግን ከ100 አምስቱ ብቻ። የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪም በዚያው ዓመት ፈቅዶለታል።

መምህሩ፦ ለጥናቱ ገንዘብ ያወጣው ማሽኑን የሚሠራው ኩባንያ መሆኑንስ? የማስመሰያ ማሽን የተደረገለትም አልነበረም፤ ሁሉም የደረሰውን ያውቃል። እንዲያው ይሁን እንበል። ሽቦው ከቦታው ይንሸራተታል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ቻርጅ የሚደረገውን ከወሰደ መብራት ሲጠፋስ? ማሽኑ ሕመም እንጂ ድንዛዜ ያድናል ተብሎ አይደለም የሚተከለው። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ እንደ ስኳር ሁሉ እግር የሚያደነዝዘውን የሥጋ ደዌ ለዘመናት አክሟል፤ የማይሰማ እግር ሚስማር ሲወጋው ምን እንደሚሆን እዚያ ጠይቂ። ጫማና የየቀኑ የእግር ፍተሻ ይቅደም። ከዚያ አሚትሪፕቲሊን አለ፣ ማታ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን።

ነርሷ፦ ያደነዝዛል፣ አፍ ያደርቃል፤ ስንቱ ነው ጥሎት የመጣው!

መምህሩ፦ መጠኑ ቀስ እያለ ሳይጨመር፣ በሁለተኛው ሳምንት ነው የሚጥሉት። ሌሎቹ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች፣ ጋባፔንቲንና ዱሎክሰቲንም አሉ።

ነርሷ፦ እሺ፣ ሁሉንም በአግባቡ ሞከረ፣ ስኳሩንም አስተካከለ፣ አሁንም እንቅልፍ የለውም። ይህን ሰው ምን ትለዋለህ?

መምህሩ፦ ሽቦው ቢንሸራተት ማን እንደሚያስተካክልለት አስቀድሞ ይጠይቅ እለዋለሁ። ዳግመኛ ሕንድ የሚመለስበት የአውሮፕላን ትኬት መዋጮው ውስጥ ገብቷል?