ጨረቃን ከፒያሳ በረንዳ የመረመሩ ሊቃውንት

ጎንደር ጥንትም የሊቃውንት አገር ናት። በዓታ አቋቋም ለመማር የመጣ ደቀ መዝሙር ስንት ዓመት ኮቸሮ እየለመነ፣ ስንት ሌሊት እያደረ ነበር የሚመረቀው። የዘመኑ የፒያሳ በረንዳ ሊቃውንት ግን መንገዱን አሳጥረውልናል፦ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ፣ አንድ ማኪያቶ፣ ከዚያ ብያኔ። «ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው የለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ ነው።» ምስጋና ይገባቸዋል።

ዋናው ማስረጃቸው አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ የተከሉት ባንዲራ ነው። አየር በሌለበት እንዴት ተውለበለበ? እነዚያ ምስኪን መሐንዲሶችም አየር እንደሌለ ያውቁ ኖሮ ጨርቁ ቁልቁል እንዳይንጠለጠል በላይኛው ጠርዙ ውስጥ አግዳሚ ዘንግ አስገቡለት። ጨረቃን የረገጡት ጠፈርተኞች አርምስትሮንግና ኦልድሪን በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ዘንጉን እስከ ጫፉ መዘርጋት አቃታቸው፤ ጨርቁም እንደተሸበሸበ ቀረ። ፎቶው ላይ የሚታየው ነፋስ እንግዲህ ያ ሽብሽብ ነው። ሊቃውንቱ ዘንጉን አላዩትም፤ ትልቅ ሐሳብ የያዘ ሰው ትንሽ ነገር ላይ ዓይኑን አያሳርፍም።

«ኮከቦቹስ የት ሄዱ?» ይላሉ ደግሞ። ማታ ፓውዛ ስር ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በስልካችሁ አንሱና ሰማዩ ላይ ኮከብ ቁጠሩ። ጋቢው ከልክ በላይ እንዳይነጣ ተብሎ የተመጠነ ብርሃን ለኮከብ አይተርፍም፤ ፀሐይ የመታው የጨረቃ መሬትም እንደ ጋቢው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የድራማው ልብስ፣ ጠፈርተኞቹ የለበሱት ነው። የሰፉት አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት፣ ዶቨር የነበረ፣ በጡት መያዣው የሚታወቅ ኩባንያ ሴቶች ናቸው። 21 ድርብ አለው። ስፌቱ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ መሳት አይችልም፤ ከሳተ ይፈታል። ድርቦቹን ለማያያዝ የሚሰካ ስፒል አንዱ ተረስቶ ውስጥ ቢቀር አየር የሚይዘውን ፊኛ ይበሳል፤ የለበሰውም ሰው አለቀለት። ስለዚህ የተሰፋው ልብስ ስፒል ይዞ እንዳይሆን በኤክስሬይ ይታይ ነበር። የቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ይህን ቢሰማ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። የበረንዳው ሊቅ ግን መልስ አያጣም፦ «ለማስመሰል ነዋ!»

ለማስመሰል አሜሪካ ዋልተም ከተማ የነበሩ ሠራተኞችም የመንኮራኩሯን ኮምፒውተር ፕሮግራም በእጃቸው በሽቦ ሸምነውታል። ሽቦው በጥቃቅኗ የማግኔት ቀለበት ውስጥ ካለፈ 1፣ በጎኗ ካለፈ 0 ነው። አንድ ሽቦ ቦታ ከሳተ ፕሮግራሙ ተበላሸ። ለማስመሰል፣ መንኮራኩሯ ልታርፍ ስትወርድ ያ ኮምፒውተር ሥራ በዝቶበት 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ጃክ ጋርማን የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ሂውስተን፣ በረራው ከሚመራበት ማዕከል ተቀምጦ በእጁ ከጻፋት ወረቀት ላይ ቁጥሩን አይቶ «ይቀጥሉ» ባይል ኖሮ ጉዞው ያኔ ይቋረጥ ነበር። ለማስመሰል፣ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሞተር ማብሪያ ተሰብሮ ኦልድሪን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፍቶ አስገባው። ደራሲው ጎበዝ ነው መቼም፤ እንዲህ ያለ የእስክሪብቶ ክፍል እኛ አገር ቢጻፍ «አያሳምንም» ተብሎ ይሰረዝ ነበር።

ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ጠፈርተኞቹ ግሪሶም፣ ዋይትና ቻፊ መሬት ላይ ልምምድ ሲያደርጉ የመንኮራኩራቸው ክፍል ንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ እሳት ሲነሳ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበረ የታፈነው አየር ገፍቶ ያዘው። ሦስቱም ሞቱ። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ስልካቸውን ወደ ሌላ ቪዲዮ ያሻግራሉ።

ሶቪየት ኅብረትስ? ያኔ የአሜሪካን ውሸት ቢያገኝ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት የሚደግስ ነበር፤ የራሱ ሰው አልባ መንኮራኩር ሉና 15 በዚያው ሰሞን ጨረቃ ላይ ወድቃ ስትከሰከስ ጭምር ዝም አለ። «እነሱም ያው ናቸው» ነው መልሱ። ዲፕሎማቶች በአርባ ዓመት ያላስታረቋቸውን ሁለት ኃያላን በአንድ ማኪያቶ ማስማማት ቀላል ችሎታ አይደለም፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢያስብበት።

አንድ ነገር ብቻ ይቸግረናል። አርምስትሮንግና ኦልድሪን 100 ፕሪዝም ያለው መስታወት ጨረቃ ላይ ትተዋል፤ ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች የሌዘር ብርሃን ይልኩለታል፣ ብርሃኑም በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለስላቸዋል፤ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ የሚለኩት በዚህ ነው። ቪዲዮው ገና አልደረሳቸው ይሆናል። አንዱ ሊቅ ይላክላቸውና ያጥፉት፤ ያ ሁሉ መብራት በከንቱ ከሚባክን ለአዘዞ ቢሰጥ ይሻላል።