የፕላስቲኩ ፎከሰር አንገበገበኝ

በቃ፣ ዛሬስ ይውጣልኝ። ክረምቱ ወጥቶ የደሴ ሰማይ ጥርት እስኪል ስንት ጠብቄ፣ ይቺ አሮጌ ባለ 60 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ሌሊቱን ታበላሽብኛለች። ሥራዋ እኮ ፎቶ የማነሳበት ትልቁ ቴሌስኮፕ ላይ ታስራ በትንሽ ካሜራ አንዲት ኮከብ መከተል ነው፤ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረው ሞተር ሲስት ኮምፒውተሩ እንዲያርመው።

ሌንሷ ምንም አይወጣለትም። የሚያናድደው የፕላስቲክ ፎከሰሯ ነው፤ ምስሉን ለማጥራት ወጣ ገባ የሚደረገው ጭራዋ። ካሜራው ሲሰካበት ጭራው ዝቅ ይላል፣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ቱቦዋ 700 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ርዝመት 0.1 ሚሊሜትር መዝቀጥ ወደ 29 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) መሳት ማለት ነው! ኮምፒውተሩ ግን የክትትሉን ግራፍ ቀጥ አድርጎ ሰላም ነው ይለኛል። ፎቶው ላይ ኮከቡ ሁሉ ተጎትቶ የሩዝ ፍሬ መስሏል።

ካሜራው የሚሰካበት ቀዳዳዋ ደግሞ 24.5 ሚሊሜትር፣ የካሜራው አፍ 31.7። ማገናኛው እዚህ ከየት ይመጣል? ቶርኖ ቤት ቀለበት አሠራሁ፤ ብረቱ ከብዶ ፎከሰሩን አባሰበት።

በዚያ ላይ የሞተሩን ዘንግ የማነጣጥርበት የሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በተራራ ለተከበበ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደሴ ሰው ያውቀዋል።

«አሮጌ ካለህ እሱው ይበቃሃል» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ስለ ፎከሰሩም አብራችሁ ተናገሩ።