አዲሱ አሮጌ ከተማ፦ ፍራንክፈርትን በእግር

ፍራንክፈርት ለብዙ ሐበሻ ኤርፖርት ናት። ስምንት ሰዓት ትራንዚት ያለው መንገደኛ ሻንጣውን ተንተርሶ ያንቀላፋል እንጂ፣ ማይን ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ በባቡር ከሃያ ደቂቃ እንደማትርቅ ልብ አይልም።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚህ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ከዚህኛው ነጻ ያወጣል፤ ከበሩ ወጥቶ ከተማ ለመግባት ግን አይበቃም፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው።

ከተርሚናል 1 ስር ኤስ8 እና ኤስ9 የሚባሉት ባቡሮች ይነሳሉ። ሰሌዳው ቪስባደን የሚል ከሆነ ከተማዋን ጀርባ ሰጥቶ የሚሄደው ነውና ይለፉት። ኦፈንባኽ ወይም ሃናው በሚለው ተሳፍሮ ኮንስታብለርቫኸ መውረድ ነው። ትኬት የሚቆረጠው ከመሳፈር በፊት ነው። በር ላይ የሚያስቆም የለም፣ እንደኛ ታክሲ «ሒሳብ!» የሚል ረዳትም የለም፤ ተራ ልብስ የለበሰ ተቆጣጣሪ ግን ድንገት ከጎንዎ ብድግ ይላል፣ ቅጣቱም 60 ዩሮ ነው። የኤርፖርቱ ዋጋ ከከተማው ውስጥ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ ሲመለሱ ርካሹን የከተማ ትኬት መቁረጥ ያስቀጣል። ኤርፖርቱን የሚጨምር የቀን ትኬት መቁረጥ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል።

የእግር መንገዱ በዝግታ ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው። ንጣፉ ድንጋይ ስለሆነ ረጅም ተረከዝ አይሆንም። ሰኞ አብዛኞቹ ሙዚየሞች፣ እሑድ ደግሞ ሱቆች ዝግ ናቸው።

ብዙ ጎብኚ ከሮመር (ከማዘጋጃ ቤቱ) አደባባይ ይጀምራል። ታሪኩ የሄደው ግን በተቃራኒው ነው፤ የድሮው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት በዶሙ፣ ማለትም በካቴድራሉ፣ ዘውድ ጭኖ ነበር ሮመር ወዳለው የግብዣ አዳራሽ በእግሩ የሚሄደው። ስለዚህ ከኮንስታብለርቫኸ በፋርጋሰ መንገድ ወደ ደቡብ ወርዶ ከዶሙ መጀመር ይሻላል። ዶም ይባል እንጂ የጳጳስ መንበር ኖሮበት አያውቅም። በ1356 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው ሕግ የጀርመን ነገሥታት የሚመረጡት በዚህች ከተማ ሆነ፤ ከ1562 እስከ 1792 ደግሞ ዘውድ የሚጭኑትም እዚሁ ነበር፣ በእኛ አክሱም ጽዮን እንደነበረችው መሆኑ ነው። ግንቡ 95 ሜትር ነው፣ ለመውጣት 328 ጠመዝማዛ ደረጃ አለው። ጉልበት የሚያመው ሰው ይተወው፤ እይታው ከወንዙ ማዶ በነጻ ይገኛል።

ከዶሙ ፊት ለፊት ማርክት የምትባል ጠባብ መንገድ ትጀምራለች። ጥግ ላይ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ወርቃማ ሚዛን የያዘ ክንድ ያለበት ባለ እንጨት ቤት ይታያል። ባለቤቱ በሃይማኖቱ ምክንያት ከኔዘርላንድ ምድር የተሰደደ የቅመም ነጋዴ ነበር፤ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ይህን የመሰለ ቤት ሲያቆም የአገሬው ሰው ዓይኑ ቀልቷል። ስደተኛ ቤት ሲሠራ የሚወራው ወሬ ያኔም ያው ነበር።

ይህ ቤት ግን ያኛው ቤት አይደለም። መጋቢት 1944 በወረደው ቦምብ አሮጌው ከተማ ተቃጥሎ ዐመድ ሆነ። በቦታው በ1974 ትልቅ የኮንክሪት ማዘጋጃ ቤት ቆመ። እሱም በ2010 መፍረስ ጀመረ፤ በምትኩ 35 ቤቶች ተሠርተው በ2018 አለቁ። ከነዚህ 15ቱ የድሮዎቹ ቅጂ ናቸው፣ 20ዎቹ በድሮው መጠን የተነደፉ አዳዲስ ቤቶች። ነዋሪው ራሱ ሰፈሩን «አዲሱ አሮጌ ከተማ» ይለዋል። ለመለየት ወደ ድንጋዩ ጠጋ ማለት ነው። ጠርዙ እንደ ቢላ የቀጠነው ቀይ ድንጋይ የአሁን ነው፤ በመካከሉ ፊቱ የተፋቀ፣ ማዕዘኑ የዶለዶመ ቁራጭ ከታየ ከፍርስራሹ ተርፎ ተመልሶ የተሰካ ነው።

የሚያስቀናው ቤቱ አይደለም። የሚያስቀናው ለመመለስ መቻላቸው ነው። ቦምቡ ከመውደቁ በፊት ትሮይነር የሚባሉ ወንድማማቾች ከ1920ዎቹ ጀምሮ አሮጌውን ከተማ ቤት በቤት እየለኩ ሞዴሉን መሥራት ይዘው ነበር፤ ዛሬም ወንዙ ዳር ባለው የታሪክ ሙዚየም ይታያል። ያ ሞዴል፣ ፎቶግራፎቹና ንድፎቹ ባይኖሩ 15ቱ ቤቶች አይመለሱም ነበር። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንቱ በር፣ ስንቱ የእንጨት በረንዳ ተለክቶ ነበር? ሰፈሩ ለኑሮ የማይመች ሆኖ ነበር የሚለው ክርክር ውሃ ያነሳል፤ የፍራንክፈርቱም አሮጌ ሰፈር ከጦርነቱ በፊት የድሆች መጠጊያ ነበር። ሜትር ይዞ መለካት ግን ማፍረስን አይከለክልም።

መንገዷ ሮመርበርግ አደባባይ ላይ ታበቃለች። በምዕራብ በኩል ሦስት ሾጣጣ ግንባር ያለው ሮመር ነው፣ ከ1405 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት። በምሥራቅ ያሉት፣ ሁሉም ፎቶ የሚነሳባቸው ቤቶች በ1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው። በመካከል የፍትሕ ሐውልት ሚዛንና ሰይፍ ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗ ግን አልተሸፈነም። መሬቱ ላይ ደግሞ ግንቦት 10 ቀን 1933 መጻሕፍት የተቃጠሉበትን ቦታ የሚያመለክት ሰሌዳ ተነጥፏል፤ ቀና ብሎ የሚሄድ ይረግጠዋል እንጂ አያየውም።

ከሮመር በስተጀርባ ቡኽጋሰ፣ «የመጽሐፍ መንገድ» እንደማለት፣ አለች። የድሮው የመጽሐፍ ገበያ ይቆም የነበረው በዚህ አካባቢ ነው። ለእኛ የሚገባውን ማንም መሪ አይነግረንም፦ ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 ያሳተመው በዚህች ከተማ ነው። መምህሩ በ1652 ጎታ ድረስ የመጡት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ በ1704 እዚሁ አረፈ።

በአቅራቢያው ያለችው ክብ ቤተ ክርስቲያን ፓውልስኪርሸ በ1848 የመጀመሪያው የጀርመን ሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ የተቀመጠባት ናት፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ወደ ወንዙ። አይዘርነር ሽቴግ የእግረኛ ብቻ የብረት ድልድይ ነው። በ1869 ተከፈተ፣ በጦርነቱ ማብቂያ የጀርመን ጦር ራሱ አፈነዳው፣ በ1946 ተጠገነ። አናቱ ላይ በግሪክ ፊደል የሆሜር ስንኝ ተጽፏል፤ የወይን ጠጅ በመሰለ ባሕር ላይ ቋንቋቸው ሌላ ወደሆነ ሰዎች ስለመቅዘፍ ይናገራል። መጓጓዣው ተለውጦ ይሆናል እንጂ መንገደኛው ያው ነው። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ በደረጃው ከሚታገል ወደ ምሥራቅ ወርዶ በአልተ ብሩከ ይሻገር፣ ሜዳ ነው።

ማዶ ዛክሰንሃውዘን ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ዶሙንና የባንኮቹን ፎቆች በአንድ ዓይን ማየት የሚቻለው ከዚህ ዳርቻ ነው። ሰው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ውሃውን ያያል። ቀበና ዳር ያደገ ሰው ወንዝ የቤት ጀርባ፣ የቆሻሻ መድፊያ እንደነበር ያውቃልና ቆም ብሎ ያያል። የጠጡበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ አይጣሉት፣ 25 ሳንቲም መያዣ አለው። መመለሱ ከደከመዎ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያቁሙት፤ የዚህ አገር ቆራሌው እየዞረ ያነሳዋል፣ ጩኸት ብቻ የለውም።

የሰፈሩ መጠጥ የፖም ወይን ነው። ሰማያዊ ጌጥ ባለው ግራጫ የሸክላ ማሰሮ፣ ቤምበል ይሉታል፣ ይቀርባል፤ ብርጭቆው በቅባት እጅ እንዳያዳልጥ ሸካራ ተደርጎ ተሠርቷል። ጠጅ የጠበቀ ሰው ያዝናል፣ ኮምጣጣ ነው። የከተማዋ ስመ ጥር ቋሊማ የአሳማ ነው፤ የማይበላ ሰው «ሪንድስቩርስት» ይበል፣ የበሬ ነው። በሰባት ቅጠል የሚሠራው አረንጓዴ ስጎ ጾም ይመስላል እንጂ ክሬምና እንቁላል አለበት።

በአልተ ብሩከ ሲመለሱ መሃል ላይ ወርቃማ አውራ ዶሮ ቆሟል። ገንቢው ድልድዩን ለመጨረስ ሰይጣን እንዲያግዘው፣ መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ሊሰጠው ተዋዋለ፤ ከዚያ ዶሮ ነድቶ አሻገረ ይላሉ።

ከድልድዩ ወደ ሰሜን ጥቂት ሄዶ በስተቀኝ ኖየር ቦርነፕላትስ ነው። የአሮጌው የአይሁድ መቃብር የውጭ ግንብ በትናንሽ የብረት ጡቦች ተሞልቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ በናዚ ዘመን ተግዘው የጠፉ የከተማዋ አይሁዶች ስምና የልደት ቀን አለ። ከ11,000 በላይ ናቸው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ግፉን በምስል ያሳያል፣ ስም በስም ግን አይጠራም፤ እዚህ ስሙን በጣት ይዳስሱታል። ጡቦቹ ላይ የተቀመጡትን ጠጠሮች ልጆች እንዳያነሱ መንገር ነው፣ ሐዘንተኛ ያኖራቸው ናቸው።

ከዚህ ኮንስታብለርቫኸ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አሁን ቪስባደን የሚለው ኤስ8 ወይም ኤስ9 ትክክለኛው ነው።