አናቱ ይጥገብ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በበዓል ዋዜማ ፀጉሩን የሚታጠበው ወገናችን ምስጋና ይገባዋል። ሌላው ኮንዲሽነር፣ ያን ከሻምፖ በኋላ ተቀብቶ የሚታጠበውን የፀጉር ማለስለሻ፣ በስስት ሲቀባ፣ የኛ ሰው ጠርሙሱን ገልብጦ አንድ እፍኝ ያወጣና መሃል አናቱ ላይ ጉብ ያደርገዋል፤ ለጋ ቅቤ እንደሚደረገው። ፀጉር ሠሪዋ «እትዬ፣ ይበቃል» ካለች መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አትሰስቺ ልጄ፣ አናቴን አጥግቢው!»

ቅቤስ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ይወርዳል። ኮንዲሽነር አይቀልጥም፤ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። ቢሆንስ? ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ትከሻ የነካው ጫፍ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ በካስክ የተጠበሰ፣ በሹሩባ የተጎተተ ምስኪን ነው። ሥሩ ግን ገና ትናንት የበቀለ፣ ወዙንም ከራስ ቆዳው የሚያገኝ ባለጸጋ። ላለው ይጨመርለታል ተብሎ የለ!

ቅቤውን በሻምፖ ሳያስለቅቁ ኮንዲሽነር የሚደርቡት ደግሞ የተለየ አድናቆት ይሻሉ። ኮንዲሽነር ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጌቲቭ በሆነው፣ በተለይ በተጎዳው ፀጉር ላይ ይጣበቃል። በመሃል ቅቤ ከገባ ምኑን ይያዝ? ሁለት ጊዜ በሻምፖ ማጠብ ያን ሁሉ ቅቤ ማባከን ነዋ። ፀጉሩን ሳይጨምቁ ውኃ እያንጠባጠበ የሚቀቡትም አልተሳሳቱም፤ ኮንዲሽነሩ ወርዶ የመታጠቢያውን ወለል ያለሰልስላቸዋል። ተንሸራቶ የወደቀ ይመስክር።

አንዳንድ ነገረኞች ግን ሥራ ያበዛሉ። ፀጉሩን ይጨምቃሉ፣ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ጫን ጫን አድርገው ያደርቃሉ፣ አራት ቦታ ይከፍላሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ወስደው ከጫፍ ጀምረው ወደ ላይ እየቀቡ፣ ራስ ቆዳው ሦስት ጣት ሲቀረው ያቆማሉ። ኮንዲሽነሩ ላዩ ላይ እያለ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ይፈታሉ። እኛ እስኪደርቅ ጠብቀን ከሥር ወደ ታች እንመዘልገዋለን፤ ሲበጠስ ቋ ቋ የሚለውን ድምፅ እነሱ የት ያገኙታል?

ጠርሙሱ 3 ደቂቃ ይላል። የኛ ሰው ወይ ቀብቶ ወዲያው ያፈሰዋል፣ ወይ በፌስታል ጠቅልሎ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ይጠጣል። ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም ቡናው አይጠላም።

ማለቅለቁ ላይ ቁጠባችን ይጀምራል። ውኃ በጀሪካን ነውና አንድ ጆግ ከበቂ በላይ ነው! ጣት እያሙለጨለጨ የቀረው ቅባት አቧራ ይሰበስባል፣ አናት ያሳክካል፣ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ትከሻ ላይ ይራገፋል። ይኼኔ «ፎረፎር ያዘኝ» ተብሎ የፎረፎር ሻምፖ ይገዛል።

ጠርሙሱ ሲጎድል ውኃ የሚሞሉበት ፀጉር ቤቶችስ ይረሱ? ውኃው፣ ኮንዲሽነሩ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን መድኃኒት ያሳሳዋል፤ ውሎ አድሮ ይሸታል። ሽታውን ሽቶ ይሸፍነዋል።

የተሰነጠቀ ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል እንጂ በኮንዲሽነር አይገጥምም የሚሉትንም አትስሟቸው። አናቱ ላይ ሌላ እፍኝ ጨምሩበት፤ ካልሆነ ሌላ ጠርሙስ ግዙ። ባለሱቁስ ልጆቹን በምን ያስተምር?