ቁራ ብለን የምናልፋቸው

እዚህ እንግሊዝ አገር የብዙ ሰው ቤት ስትገቡ መስኮቱ ጋ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ታያላችሁ። ጠርዙ ያለቀ፣ ሽፋኑን ዝናብ የነካው። የወፍ መለያ መጽሐፍ ነው። ባለቤቱ የግድ ተመራማሪ አይደለም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ይሆናል፣ ነርስ ይሆናል፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይሆናል። ጓሮው ውስጥ የማያውቀው ወፍ ሲያርፍ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ያደርግና ይፈልገዋል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖር ይሁን ለብርዱ ወራት ብቻ የመጣ፣ ይለያል።

ሰው ውጭ አገር ሲኖር ለአገሩ የሚመኘው ነገር አያልቅም። መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ሆስፒታሉ። እኔ ይቺን መጽሐፍም እጨምራለሁ። በብሪታንያ እስካሁን የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ከ600 በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ነፋስ መንገድ አስቷቸው ብቅ ብለው የጠፉ እንግዶች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገቡት ደግሞ ከ850 ይበልጣሉ። ከእነሱም መካከል በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ አሉ። ወፉ ሞልቶ የተረፈው እኛ ጋ ነው። መጽሐፉ በየቤቱ የሚገኘው ግን እዚህ ነው።

የመጽሐፉ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ድሮ ወፍን በትክክል ለመለየት ዋናው መንገድ ጠመንጃ ነበር። ይተኮስና ሬሳው በእጅ ተይዞ ላባው አንድ በአንድ ይታያል። በ1934 እ.ኤ.አ. ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሠዓሊ አንድ መጽሐፍ አወጣ። መጀመሪያ የታተመው 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ወዲያው አለቀ። የሰውየው ብልሃት ቀላል ነው። የሚመሳሰሉ ወፎችን አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሣላቸው። ከዚያ አንዱን ከሌላው የሚለየው ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት አደረገ። እዚህ ክንፉ ላይ ነጭ አለ፣ እዚህ ጭራው አጭር ነው፣ ይላል ምልክቱ። ሰው ሁሉን ነገር ማየት አይጠበቅበትም፤ ምልክቱ ያለበትን ቦታ ካየ ይበቃዋል። ወፉም አይሞትም። ዛሬ ያሉት የወፍ መለያ መጻሕፍት ይህንኑ መንገድ ነው የሚከተሉት።

ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የወፍ ፎቶ ላከልኝ። «አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? እማዬ ቁራ ነው አለችኝ» ይላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የቆመ ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው። እናቱ አልተሳሳተችም፤ ቁራ ነው። ግን የትኛው ቁራ?

አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቁራ አለ። አንደኛው ደረቱ ነጭ ነው፤ ነጩ አንገቱን ዞሮ ማጅራቱ ድረስ ይሄዳል። ሌላ ነገር ማየት አያስፈልግም፤ ጋዋን የለበሰ ይመስላል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ይህኛው የሚለየው ሲበር ነው። ጭራው በጣም አጭር ስለሆነ ከሥር ስታዩት ሁሉ ነገሩ ክንፍ ነው። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ምንቃሩ ወፍራምና ጎባጣ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። ማጅራቱ ላይ ደግሞ ነጭ ምልክት አለው፤ ደረቱ ግን ጥቁር ነው። ልጁ የላከው ፎቶ ላይ ያለው ይሄ ሦስተኛው ነው። ከዓለም ቁራዎች በትልቅነት ከፊተኞቹ የሚመደብ ነው፤ መኖሪያውም የኢትዮጵያና የአካባቢዋ ደጋ ብቻ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። የወፍ ወዳጆች ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን ተሳፍረው ይህንን ወፍ ሊያዩ ይመጣሉ። ልጁ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ነው ያየው። ይህንን ስነግረው ዝም አለና «ሌሎቹንስ የት አገኛቸዋለሁ?» አለኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፎቶ መላክ አላቆመም።

ጋጋኖም እንደዚያው ነው። ጠዋት በቡድን ሆኖ እየጮኸ በሰፈሩ ላይ ሲያልፍ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገር የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ያነበበ ሰው እነ ጉጉትን፣ እርኩምን፣ ጋጋኖን፣ ሽመላን እዚያ ዝርዝር ላይ ያገኛቸዋል። እንግዲህ ስሙን በልጅነታችን ሰምተነዋል፣ ወፉንም በየቀኑ እናየዋለን። ሁለቱን የሚያገናኝልን ሥዕል ነው የጎደለው።

በጣም የምወደው ግን የመስቀል ወፍ ጉዳይ ነው። ከስንት ጊዜ አንዴ ብቅ የሚለውን ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን። ወፉ በመስከረም ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል ብለን ነው። በዚህ ስም ከምንጠራቸው መካከል ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር የሚሆኑት ትንንሽ ወፎች አሉ። እነዚህ ግን የሚጠፉ አይደሉም። ክረምቱ ሲገባና ሳሩ ሲያድግ ወንዱ ሴቷን ለመሳብ ያንን ደማቅ ላባ ያወጣል። መራቢያው ሲያበቃ ደማቁ ላባ ይረግፍና ቡናማ ዥንጉርጉር ላባ ይተካል። ያኔ ከሴቷ ለመለየት ያስቸግራል፤ ከሩቅ ሲያዩት ድንቢጥ ነው የሚመስለው። በጥር የማሽላ ቃርሚያ ላይ ከሚንጫጫው መንጋ ውስጥ አለ። እኛ ነን የማናውቀው። ጥሩ የወፍ መጽሐፍ አንዱን ወፍ ሦስት ጊዜ ይሥለዋል፤ ወንዱን በመራቢያው ወቅት፣ ያንኑ ወንድ ከመራቢያው ውጭ፣ ሴቷን ለብቻ። ያንን ገጽ ያየ ሰው መንጋውን ዳግመኛ ዝም ብሎ አያልፈውም።

እዚህ አገር ይህ እውቀት ወዴት እንደሚያደርስ አይቻለሁ። የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ቆጠራ ያካሂዳል። ሰው ሻዩን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰዓት የሚያርፉትን ወፎች ይቆጥርና ይልካል። በቅርብ ዓመታት የሚሳተፈው ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ድንቢጥ በብዛት ዛሬም ከፊት ናት፤ ግን ከመጀመሪያው ቆጠራ ጋር ሲተያይ ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። ይህ የታወቀው ተራ ሰዎች ድንቢጥን ከሌላ ቡናማ ወፍ መለየት ስለሚችሉ ነው። መለየት ካልቻሉ ማን ይቆጥራል? ሳትቆጠር ብትጠፋስ ማን ያውቃል?

አገር ቤት ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በርጋ የሚባል ረግረግ ውስጥ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ በክረምት ትራባለች። ደቃቃ ናት፤ ሣር ውስጥ ተደብቃ ነው ጎጆዋን የምትሠራው። ከብት ከረገጠው አበቃ። የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ለጥበቃዋ ደክመዋል። ያቤሎ አካባቢ ደግሞ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ወፍ አለ። ከዚያች ጠባብ የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢ ውጭ አይገኝም፤ ቀዝቀዝ ያለውን አየር አልፎ ወደ ሞቃቱ ቆላ አይወርድም። የቦረና እረኛ በየቀኑ ያየዋል።

መጽሐፍም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጂቡቲን፣ ሶማሊያንና ሶኮትራን አንድ ላይ የያዘ ምርጥ የወፍ መለያ ታትሟል። እኔም አለኝ፤ ሥዕሎቹ ድንቅ ናቸው። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የተዘጋጀውም ብዙውን ለለመደ ሰው ነው። አገር ቤት ብዙውን ጊዜ የማየው ቱሪስትና አስጎብኚ እጅ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ግን ከ1,000 በላይ ወፍ ያለበት መጽሐፍ ቢሰጡት በሁለተኛው ቀን ይዘጋዋል።

እኔ የምለው በኪስ የሚገባ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን የተጻፈ፣ 60 ወፍ ብቻ ያለው መጽሐፍ ነው። 850ው ይቆይ። አሰላለፉም ሳይንሳዊ ቤተሰብን ተከትሎ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ወፉ በሚታይበት ቦታ ይሁን። ጣሪያና ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚያርፉ፣ ባሕር ዛፍ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ እርሻ ላይ፣ ሐይቅ ዳር። ሐይቁ ጋ ሲደርስ የሐዋሳው አባ ኮዳ ሙሉ ገጽ ይገባዋል፤ ዓሣ አስጋሪው እግር ሥር ሲዞር የሚውል ወፍ እሱ ነው። ድምፃቸው በፊደላችን ይጻፍ፤ ፊደላችን የወፍ ድምፅ አያቅተውም። ስማቸውን ደግሞ ከእረኛና ከገበሬ ይሰብስቡት። ከተማ ያደግነው «ወፍ» ብለን ያለፍነውን እነሱ በስም ይጠሩታል። አንዱ ወፍ በየአካባቢው ሦስት ስም ካለው ሦስቱም ይግባ።

እስከዚያው ስልክ ያለው ሰው ሜርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ ይሞክር፤ ፎቶ አይቶ ወፉን ይጠቁማል። ስልኩ ባይኖርም ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ቦታው፣ መጠኑ ከድንቢጥ ይበልጥ ወይስ ከርግብ፣ የምንቃሩ ቅርፅ፣ ምን ሲሠራ እንደታየ። ገጠር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። መራቢያው አልፎ የመስቀል ወፍ ላባውን ሲለውጥ ግማሹ ደማቅ ግማሹ ቡናማ የሆነ ወንድ ካያችሁ ፎቶ አንሱልኝ፤ ቦታውንና ቀኑንም ጻፉበት። የሽግግሩን ላባ የሚያሳይ ሥዕል ለዚያ መጽሐፍ ያስፈልጋል።